አንድ ኮርስ ሁለት ጊዜ ሲቆጠር

ዋሽንግተን ስቴት የምትኖሩ፣ ቤታችሁ የዘጠነኛ ወይም የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ያለ ሁሉ፣ ቡናችሁን ያዙና ጠጋ በሉ። ስለ ራኒንግ ስታርት ላስረዳችሁ ነው። ስሙን ሁላችንም ሰምተነዋል። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ «የእገሊት ልጅ እኮ ሃይስኩል ሳትጨርስ ኮሌጅ ገባች» ሲባል «ጎሽ፣ ጎበዝ ልጅ ናት» ይባልና ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል። ልጅቷ ጎበዝ መሆኗ እውነት ነው። ግን ከጉብዝናዋ ጀርባ አንድ አሠራር አለ። እኔ ሰሞኑን ከሥር ከመሠረቱ የገባኝ ያ አሠራር ነው፤ ከገባኝ ወዲህ ደግሞ ዝም ብዬ መቀመጥ አቅቶኛል። በጣም ያምራል!

ከመጀመሪያው እንነሣ። ራኒንግ ስታርትን የፈጠረ፣ በዚህ ስቴት እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ አንድ ሕግ አለ። በመንግሥት ትምህርት ቤት የአሥራ አንደኛ ወይም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ከትምህርቱ ከፊሉን ወይም ሁሉንም ኮሌጅ ሄዶ መማር ይችላል፤ የኮሌጁን ቱሽን አይከፍልም። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው። ኮሌጅ ሲባል ደግሞ ለሃይስኩል ልጆች ተብሎ ለብቻ የተከፈተ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሾርላይን፣ ኤድመንድስ፣ ቤልቪው፣ ሃይላይን፣ ሳውዝ ሲያትል፤ ብዙዎቻችን ከሥራ ወጥተን ማታ ማታ እንግሊዝኛ የተማርንባቸው፣ ለነርስነት የተመዘገብንባቸው እነዚያው ኮሌጆች ናቸው። ያው ክፍል፣ ያው አስተማሪ፣ ያው ፈተና። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ አጠገብ የተቀመጠው ተማሪ የሦስት ልጆች አባት ሊሆን ይችላል።

«እሺ፣ ነጻ ከሆነ ማን ነው የሚከፍለው?» አትሉም? እኔም መጀመሪያ የቆፈርኩት እዚህ ላይ ነው። እዚህ አገር ነጻ የሚባል ነገር ሲሰማ ሰው ይጠረጥራል፤ ልክም ነው። መልሱ ይኸውላችሁ። ስቴቱ ለእያንዳንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ በየዓመቱ ገንዘብ ይመድባል። ገንዘቡ ለወትሮው ልጁ ወደሚማርበት የትምህርት ቤቶች ዲስትሪክት ይሄዳል። ልጅቷ ኮሌጅ ስትገባስ? ገንዘቡ ተከትሏት ይሄዳል! ዲስትሪክቱ 7 በመቶውን ያስቀርና 93 በመቶውን ለኮሌጁ ያስተላልፋል። አያችሁ? ማንም ችሮታ አላደረገም፤ ብድርም አልተወሰደም። ድሮም በስሟ ተቀምጦ የነበረ ገንዘብ ነው፤ የሚከፈልበት መስኮት ብቻ ተቀየረ። ስለዚህ የቤተሰብ ገቢ ከፍ ቢል ዝቅ ቢል ቱሽኑን አይነካውም፤ እንደ ስኮላርሺፕ ተወዳድሮ የሚያሸንፉትም ነገር አይደለም።

አሁን ጉደኛው ክፍል መጣ።

ሃይስኩል ለመጨረስ በዚህ ስቴት 24 ክሬዲት ያስፈልጋል። አንድ ክሬዲት ማለት አንድ ትምህርት፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ የተማሩት ማለት ነው። ልጆቻችን በዓመት ስድስት ያህል ትምህርት ይወስዳሉ፤ ስድስት በአራት ዓመት ሲባዛ 24 ይመጣል። እስከዚህ ቀላል ነው። ኮሌጆቹ ደግሞ ዓመቱን በኳርተር ይከፍሉታል፦ የመጸው፣ የክረምትና የጸደይ። አንዱ ኳርተር ወደ 11 ሳምንት ገደማ ነው። የተለመደው የኮሌጅ ኮርስ 5 ክሬዲት ይይዛል። ታዲያ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ደንብ ምን ይላል መሰላችሁ? አምስት የኮሌጅ ክሬዲት አንድ የሃይስኩል ክሬዲት ነው። ቀስ ብላችሁ አስቡት። በኮሌጅ 11 ሳምንት የተማረችው አንድ ኮርስ፣ ሃይስኩል ዓመት ሙሉ ከሚማሩት ጋር እኩል ይቆጠርላታል። እንዴ!

ይህም ብቻ አይደለም። ያው ኮርስ በሃይስኩሉ ስለተቆጠረ ከኮሌጁ አይቀነስም። ሁለቱም ጋ ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል። አገር ቤት እናቶቻችን እንጨት አንድ ጊዜ አንድደው እንጀራውን ይጋግራሉ፤ ምጣዱ ሲነሣ በዚያው እሳት ጀበናውን ይጥዳሉ። እንጨቱ የተገዛው አንድ ጊዜ ነው፤ እንጀራውም ደረሰ፣ ቡናውም ፈላ። ልጅቷ ያጠናችበት ሌሊት አንድ ነው፤ የተፈተነችውም አንድ ጊዜ ነው። ክሬዲቱ ግን እዚህም ይሞላል፣ እዚያም ይሞላል።

እኔ ነገሩ ፍንትው ብሎ የታየኝ አንዲት ወዳጄ የልጇን ሁለት ትራንስክሪፕት ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጋልኝ ነው። አንዱ የሃይስኩል፣ አንዱ የኮሌጅ። የሃይስኩሉ ወረቀት ላይ አንድ የሒሳብ ኮርስ ከጎኑ «1.0» ተጽፎበታል። የኮሌጁ ላይ ያው ኮርስ፣ ያው ኳርተር፣ ያው ውጤት፣ ከጎኑ «5.0»። ጣቴን ከአንዱ ወደ አንዱ አመላለስኩ። አንድ ትምህርት፣ ሁለት መዝገብ! ከዚያ በኋላ እርሳስ አምጡልኝ አልኩ።

እናንተም አብራችሁኝ ደምሩ። ሙሉ ጊዜዋን ኮሌጅ የምትማር ልጅ በአንድ ኳርተር ሦስት ኮርስ ትወስዳለች፤ 15 ክሬዲት። በዓመት ሦስት ኳርተር፤ 45። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ፣ ሁለት ዓመት፤ 90። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት ዲግሪ፣ አሶሼት የሚባለው፣ ስንት ክሬዲት ይጠይቃል? 90! ልክ ገጠመ። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚጠይቀው ደግሞ 180 ነው። ግማሹ ማለት ነው። ልጅቷ ሰኔ ላይ የሃይስኩል ጋውኗን ለብሳ ስትመረቅ የዩኒቨርሲቲውን መንገድ እኩሌታ ሄዳዋለች ማለት ነው፤ ቱሽን ሳይከፈል። ወይ ጉድ!

ሁሉም ልጅ እስከ 90 ይሂድ እያልኩ አይደለም። አንድ ኮርስ ብቻ ኮሌጅ ወስዳ የቀረውን ሃይስኩሏ መማር ትችላለች። የእግር ኳስ ቡድኗን ለቅቃ መውጣት አይኖርባትም፤ የራኒንግ ስታርት ተማሪ ለሃይስኩሉ መጫወት ይፈቀድለታል። የሃይስኩሉና የኮሌጁ ትምህርት ሲደመር ግን ጣሪያ አለው፤ ከጣሪያው በላይ የሚወሰድ ክሬዲት ከኪስ ይከፈላል። ይህን የሃይስኩሏ ካውንስለር በወረቀት አስልታ ታሳያችኋለች።

አሁን ልጃችሁ «ኢንጂነር መሆን እፈልጋለሁ» ወይም «ኮምፒውተር ሳይንስ» ወይም «ሕክምና» ካለች፣ የሚቀጥለውን ቀስ ብላችሁ ስሙኝ። ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት ይህ ነው።

ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሳይኮሎጂ በፈለጉት ቅደም ተከተል መውሰድ ይቻላል። ሳይንሱና ሒሳቡ ግን አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚመጣ ነው። ካልኩለስ አንድ ሳይወሰድ ካልኩለስ ሁለት አይታሰብም። ለኢንጂነሮች የሚሰጠው ፊዚክስ ደግሞ ካልኩለስ ይፈልጋል። እሱም ሦስት ተከታታይ ኳርተር ነው፤ የኬሚስትሪውም እንዲሁ ሦስት ነው። ስለዚህ አሥራ አንደኛ ክፍል መጸው ላይ ካልኩለስ የጀመረች ልጅ እስከ ሰኔ ድረስ ሦስት ካልኩለስ ልትጨርስ ትችላለች፤ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክሱን በሙሉ ትወስዳለች። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ገና አልጀብራ ላይ ያለች ልጅ ደግሞ መጀመሪያ ፕሪካልኩለስ ማለፍ አለባት፤ ያም ራሱ ኳርተር ይበላል። ገባችሁ? ወሳኙ ነገር ኮሌጅ የገባችበት ቀን አይደለም፤ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ላይ በሒሳብ የት ደርሳ ነበር የሚለው ነው። ሁለት ዓመት ቀድሞ የሚታሰብ ነገር ነው ማለት ነው!

ደግሞ ሌላም አለ። የሁለት ዓመቱ ዲግሪ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ዲ.ቲ.ኤ. የሚሉት አጠቃላይ ዲግሪ አለ፤ ከየዘርፉ ትንሽ ትንሽ የሚያስወስድ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግር፣ ለብዙ ልጆች ጥሩ የሆነ። ለሳይንስ ልጆች ደግሞ አሶሼት ኦፍ ሳይንስ ትራንስፈር የሚባል ሌላ አለ፤ እሱም ሁለት መስመር አለው። አንደኛው መስመር ለባዮሎጂና ለኬሚስትሪ ሰዎች ነው። ሁለተኛው ለኢንጂነሪንግ፣ ለኮምፒውተር ሳይንስና ለፊዚክስ ነው። ኢንጂነርነት የምታስብ ልጅ ቀላል ቀላሉን እየለቀመች 90 ብትሞላ፣ ዲግሪው ይኖራታል፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ግን ካልኩለሱም ፊዚክሱም ቁጭ ብለው ይጠብቋታል። ስለዚህ መጀመሪያ መስመሩ ይመረጥ፣ ከዚያ ኮርሱ።

አንዲት ትንሽ ምልክት ላሳያችሁ፤ እኔን በጣም ነው ደስ ያሰኘችኝ። የኮሌጆቹን የኮርስ ዝርዝር ስትከፍቱ አንዳንዱ ኮርስ ስሙና ቁጥሩ መካከል «&» የምትል ምልክት አለችው። ካልኩለስ አንድ ለምሳሌ ማት & 151 ነው። ያቺ ምልክት ያለችው ኮርስ በዋሽንግተን ስቴት ኮሚዩኒቲና ቴክኒካል ኮሌጆች ሁሉ አንድ ነው ማለት ነው። ሾርላይን የጀመረች ልጅ ቤተሰቧ ወደ ደቡብ ቢዛወር ሃይላይን ሄዳ ከቆመችበት ትቀጥላለች። እንደ እኛ የቤት ኪራይ ሲጨምር ሠፈር ለሚቀይር ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወንበር ላይ ተቀምጦ ቲዎሪ መስማት የማይሆንላቸው፣ እጃቸው ብረት ሲነካ የሚነቁ ልጆችም አሉን። እነሱም አልተረሱም። ራኒንግ ስታርት ቴክኒካል ኮሌጆችንም ይጨምራል፤ ሬንተን ቴክኒካል አንዱ ነው። ሳውዝ ሲያትል ኮሌጅ የአውሮፕላን ጥገና የሚያስተምር ክፍል አለው። ከዚህ ሌላ ስኪልስ ሴንተር የሚባሉ አሉ፤ የተለያዩ ዲስትሪክቶች ልጆች ግማሽ ቀን ሃይስኩላቸው ውለው ግማሹን ሙያ የሚማሩባቸው፣ ቱሽን የማይጠየቅባቸው። ቡሪየን ያለው የፒዩጀት ሳውንድ ስኪልስ ሴንተር መኪና ጥገናም፣ የጥርስ ሐኪም ረዳትነትም፣ እሳት ማጥፋትም ያስተምራል።

ከሁሉም አፌን ያስያዘኝ ግን ኤጃክ ነው። የአውሮፕላን አካል የሚሠሩ ፋብሪካዎችን ከሠልጣኞች ጋር የሚያገናኝ ድርጅት ነው፤ የወጣቶች ፕሮግራሙን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ፋብሪካ ውስጥ ይቀጠራል፤ 2,000 ሰዓት ይሠራል፤ ከሥራው ጎን ለጎን ኮሌጅ ክፍል ገብቶ 15 የኮሌጅ ክሬዲት ያገኛል። ደመወዝ እየተከፈለው! ትምህርቱ ለሃይስኩሉም ይቆጠርለታል። አባቶቻችን ልጃቸውን አንድ የታወቀ ባለሙያ ጋ ወስደው «አስተምርልኝ» ይሉ የነበረው ነገር እዚህ ወረቀትና ደመወዝ ተጨምሮበት ይሠራል።

ወጪው ዜሮ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ቱሽኑ ነው የሚቀረው፤ መጽሐፍ ይገዛል፤ የላብራቶሪና የመሳሰሉት ክፍያዎች አሉ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ክፍያው ይነሣል፤ ለመጽሐፉም ብዙ ኮሌጆች የሚያውሱት አላቸው፤ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ማንም ቤታችሁ መጥቶ አይነግራችሁም። የትራንስፖርቱ ነገር ግን መልካም ዜና ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 መስከረም ጀምሮ 18 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ሁሉ በሜትሮ አውቶቡስና በሊንክ ባቡር በነጻ ይሄዳል። ስለዚህ «ማን ያመላልሳታል» የሚለው ሐሳብ ለብዙዎቻችን ተቃለለ።

አሁን ደግሞ እንደ ወላጅ ቁጭ ብላችሁ የምታስቡባቸውን ልንገራችሁ። ኮሌጅ ውስጥ ልጅቷ በሳምንት ክፍል የምትቀመጠው 15 ሰዓት ያህል ነው። «ምነው ቀኑን ሙሉ ቤት ነሽ?» እንዳትሏት። ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት ጥናት ይጠበቅባታል፤ ቤት ያለችው ሥራ ፈትታ አይደለም። ወንድሞችሽን ጠብቂ፣ አያትሽን ሐኪም ቤት ውሰጂ የምንለውን ነገር ትንሽ መቀነስ ሊኖርብን ነው። ሌላው፣ እዚያ የተገኘ ውጤት ቋሚ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ላይ ያገኘችው «ኤፍ» የኮሌጅ መዝገቧ ላይ ይቀመጣል፤ ኋላ የፌዴራል እርዳታ ስትጠይቅም ሊታይ ይችላል። ያልሆነላትን ኮርስ ቀኑ ሳያልፍ መልቀቅ ይቻላል፤ ግን ቀኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

እኛን ሐበሾችን ይበልጥ የሚያስደነግጠን ደግሞ ይህ ነው። ልጅ ኮሌጅ ከገባ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ የኮሌጅ መዝገቡ የራሱ ነው፤ የፌዴራል ሕግ ነው። አስተማሪዋ ጋ ደውላችሁ «ልጄ እንዴት ናት?» ብትሉ ያለ ልጅቷ ፈቃድ አይመልሱላችሁም። እኔ ይህን ሳስበው ጥሩ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ልጅቷ ራሷ አስተማሪዋ ቢሮ ሄዳ «ይህ አልገባኝም» ማለትን እቤታችን እያለች፣ እራቷን ከእኛ ጋር እየበላች ትለማመደዋለች። ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ብቻዋን ከምትጀምረው ይሻላል።

«ታዲያ ብዙ ክሬዲት ይዛ ዩኒቨርሲቲ ስታመለክት እንደ ትራንስፈር ተማሪ ይቆጥሯትና የአዲስ ገቢ ስኮላርሺፕ አያመልጣትም?» ብላ አንዲት ጎረቤቴ ጠይቃኝ ነበር። ግሩም ጥያቄ ነው፤ መልሱም ግሩም ነው። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ሃይስኩል እያለ ክሬዲት ያጠራቀመን ተማሪ እንደ አንደኛ ዓመት አመልካች ነው የሚቀበለው፤ 90 ክሬዲት ቢኖራትም። ክሬዲቷን ይዛ፣ በአዲስ ተማሪ ሰልፍ ትቆማለች። አይገርምም? ከስቴት ውጭ ያሉና የግል ዩኒቨርሲቲዎች ግን ክሬዲቱን መቀበል አለመቀበላቸውን በራሳቸው ይወስናሉ። ልጅቷ ሩቅ ሄዳ የመማር ሕልም ካላት እነሱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ሚኒሶታ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ እናንተም እንዳትቀኑ። ይህን ሐሳብ በሕግ ደረጃ የእናንተው ስቴት ከእኛ ቀድሞ ጀምሮታል፤ እ.ኤ.አ. በ1985። እዚያ ፒ.ኤስ.ኢ.ኦ. ይባላል፤ መጽሐፉንም ጭምር ይሸፍናል። ሌሎች ስቴቶችም በየራሳቸው ስም ተመሳሳይ ነገር አላቸው፤ «ዱዋል ኢንሮልመንት» ብላችሁ ብትጠይቁ ካውንስለሮቹ ያውቁታል።

አካሄዱ ይኸውላችሁ። ልጃችሁ አሥረኛ ክፍል ሳለች፣ የክረምቱ ኳርተር ሳያልቅ፣ ከሃይስኩሏ ካውንስለር ጋር ቀጠሮ ያዙ። ለመመረቅ የቀሯትን ትምህርቶች ዝርዝር ይስጧችሁ፤ የአሜሪካ ታሪክና የመሳሰሉት ግዴታ የሆኑ አሉ፤ የትኛው የኮሌጅ ኮርስ የትኛውን እንደሚሞላ በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያ ኮሌጁ ጋ ማመልከት ነው፤ ለእንግሊዝኛና ለሒሳብ ደረጃዋን ያያሉ። በየኳርተሩ አንድ ቅጽ አለ፤ ካውንስለሯ ትሞላዋለች፣ ወላጅም ይፈርማል። ስትገናኙ «ልጄ ስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የኢንጂነሪንግና የሒሳብ ዘርፍ) ነው የምትፈልገው፤ ከየትኛው ሒሳብ ትጀምር?» ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጓት፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ለወላጅ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት።